ሦስት ሻወር፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ቆጣሪ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ጂ+1 ቤት እያሠራሁ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ልስን አልተጀመረም። ሦስት መታጠቢያ ቤት አለው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሦስቱም ላይ ውሃውን ወዲያው የሚያሞቅ ሻወር እንግጠም ይላል። ቤተሰባችን ስድስት ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ናት፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ብርድ በጣም ስለሚያስቸግራት ለመኝታ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስቤያለሁ። ሲያትል የሚኖረው ወንድሜ ግን ‹በሽቦ ማሞቅ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያባክናል፣ ሂት ፓምፕ አስገባ› አለኝ። እውነት ነው? እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ሕግ አለ? ወይስ ቦይለር ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት ከእውነት ተነስቶ መንገድ ላይ የተጋነነ ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ለመኖሪያ ቤቶች የኃይል ኮድ አለው፤ ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንዳያባክን፣ በምንስ እንዲሞቅ የሚወስን ደንብ ማለት ነው። ይህ ኮድ ለዓመታት የሠራበት አንድ አንቀጽ፣ ዋና ማሞቂያቸው በየክፍሉ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሆነ አዳዲስ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤቶች ሰፊው ክፍላቸው ላይ ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት ሰብስቦ የሚያስገባ መሣሪያ) እንዲጨምሩ ያዛል። የማሞቂያው ድምር ከ2 ኪሎዋት ያልበለጠ ቤት ግን ከዚህ ነፃ ነው። ካሊፎርኒያም ተቀራራቢ ሐሳብ አላት፤ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ተከትሎ የሚሠራ ሰው በሽቦ የሚያሞቅ ማሞቂያ አይፈቀድለትም፣ በጠቅላላ ስሌት ቤቱ ከተቀመጠው ፍጆታ እንደማያልፍ የሚያሳይ ግን ሌላ በር አለው። ስለዚህ «ክልክል» ከማለት «በሌላ ቦታ ያስከፍላል» ማለቱ ይቀርባል። እውነተኛ ክልከላ ማየት ከፈለጉ ዴንማርክ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መግጠምን አግዳለች።

«ያባክናል» የሚለው ቃል ግን መታረም አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተሳሳተ ዕቃ ይገዛል። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ምጣዱም፣ ቦይለሩም፣ ካውያውም የሚሠሩት በዚሁ ነው። የገባው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው መለኪያ፣ ከከፈሉ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያገኛሉ፤ ርካሹም ውዱም ማሞቂያ በዚህ እኩል ናቸው። «ይሄኛው ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ነው» ብሎ በሽቦ የሚያሞቅ ዕቃ የሚሸጥልዎ ነጋዴ፣ ወይ ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም ማለቱ ነው፣ ወይ ዝም ብሎ መሸጡ ነው።

ታዲያ እነሱ ለምን ጠሉት? ዋሽንግተን ራሷ አብዛኛውን ከውሃ ብታመነጭም፣ በእነዚያ አገሮች ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ሲመነጭ ስለኖረ ነው። ነዳጁን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ሲሠራ ከሙቀቱ ግማሹና ከዚያም በላይ ማመንጫው ላይ ይባክናል፤ የተረፈውን በሽቦ አምጥቶ መልሶ ሙቀት ማድረግ ለእነሱ ዱቄቱን ጋግሮ እንጀራውን መልሶ መፍጨት ነው። ሂት ፓምፕ ደግሞ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከውጭ አየር ላይ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያሻግራል፣ የፍሪጅ ሥራ ተገልብጦ ማለት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ የሁለት፣ የሦስት፣ አንዳንዴም የአራት ሙቀት ይሰጣል። ክረምታቸው ደግሞ ወራት ሙሉ ቤት ማሞቅን ይጠይቃል። ስለዚህ ደንቡ ለእነሱ ትክክል ነው።

የእኛ ሁኔታ ከሥሩ ይለያል። ከቤትዎ ብዙም ሳይርቅ ያለው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ነዳጅ አቃጥሎ ሳይሆን የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ነው። ጢስ ዓባይም እንዲሁ ውሃ ነው። ሕዳሴው በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ተብሏል። እኛ ጋ ማመንጫው ላይ የሚቃጠል ነዳጅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው እንደ ልብ ላብራ» ካሉ ግን ሁለተኛው ስህተት ውስጥ ገቡ። ግድቡ የአገሪቱን ኃይል አሳደገ እንጂ የሰፈርዎን ትራንስፎርመር አላሳደገም፣ ከፖሉ እስከ ቆጣሪዎ የሚመጣውን ሽቦም አላወፈረም። የእርስዎ ችግር ያለው እዚያ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ነው። እኔ እስከማውቀው እኛ አገር ቤትዎን ወይም ውሃዎን በምን እንዲያሞቁ የሚያስገድድ የመኖሪያ ቤት የኃይል ኮድ የለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኃይል ቁጠባና ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የብቃት ማረጋገጫ ይናገራል፤ ቤት ሠሪውን በቀጥታ የሚይዘው ግን የሕንፃው ሕግ ነው። ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር የኤሌክትሪክ ፕላን ይቀርባል። የሕንፃዎች ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የራሱ ደረጃ አለው፤ የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃዎች አሥረኛው ክፍል። ያንን ፕላን ያውጡና ይመልከቱት። ሠራተኛዎ አሁን የሚላቸው ሦስት ማሞቂያዎች እዚያ ላይ ተስለዋል? ካልተሳሉ ሽቦው የታሰበው ለመብራትና ለሶኬት ነው ማለት ነው፤ ክርክሩም ያኔ ያልቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ወዲያው የሚያሞቅ ሻወር ገበያ ላይ በብዛት ከ3.5 እስከ 5.5 ኪሎዋት ነው። 5.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ሦስቱ አብረው ከተከፈቱ 75 አምፔር። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ምጣዱ ተጥዷል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሆነ 18 አምፔር ጨምሩበት። ስቶቩን፣ ፍሪጁን፣ የውሃ ፓምፑን ሳልቆጥር 93 አምፔር ደረስን። ቆጣሪዎ ሥር ያለው ዋና ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ ባለ አንድ ፌዝ (አንድ የኃይል መስመር ብቻ የሚገባበት) ቤት ከሆነ ከዚህ ግማሹንም ላያገኙ ይችላሉ። «ሁሉም በአንድ ጊዜ አይታጠብም» ይሉኛል። ስድስት ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ለሥራና ለትምህርት ቤት በሚጣደፍበት ቤት ሁለቱ እንደሚገጣጠሙ ግን እርግጠኛ ይሁኑ።

እዚህ ላይ ሳልነግርዎ የማላልፈው ነገር አለ። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር፤ «ሻወሩ ሲከፈት ሳሎን ውስጥ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል» ብለው። የማከፋፈያ ሳጥኑን ክዳን ስከፍት ነጩ ፕላስቲክ በውስጥ በኩል እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡኒ ሆኗል። ወደ ሻወሩ የሚሄደው ሽቦ 2.5 ስኩዌር ነው (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር)፤ ሽፋኑን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረና የጋለው መዳብ ባዶውን ወጣ። ብሬከሩ ላይ ደግሞ 40 አምፔር ተጽፏል። ባለቤቱን «ይህ መቼ ተገጠመ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ 20 ነበር፣ እየጣለ አስቸገረን፣ ሠራተኛው በትልቅ ቀየረልን፤ ከዚያ ወዲህ ጥሎ አያውቅም» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ብሬከሩ የሚጥለው ሽቦውን ለማዳን ነው። 2.5 ስኩዌር የመዳብ ሽቦ በቱቦ ውስጥ አልፎ 24 አምፔር ገደማ ይሸከማል፤ 25 አምፔር የሚስብ ዕቃ ላይ ገና ከመነሻው አይበቃም። ብሬከሩ በትልቅ ሲቀየር ፊውዙ ሽቦው ራሱ ይሆናል፣ የሚቃጠለውም ግድግዳ ውስጥ ነው። ያ ቤት ዕድለኛ ነበር። የእርስዎ ሠራተኛ «ከጣለ በትልቅ እንቀይረዋለን» ካለዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ የተለመደ አለመግባባት አለ። ብዙ ሰው «ጠዋት በደንብ ይሞቃል፣ ማታ ግን ለብ ይላል፣ ስለዚህ ትልቅ ገዛሁ» ይላል። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። የሚግል ሽቦ ደግሞ ጉልበቱ ከቮልቴጁ በላይ ፈጥኖ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 190 ከሆነ 5.5 ኪሎዋት የተባለው ማሞቂያ ወደ 4.1 ይወርዳል። ሩብ ጉልበቱ ሄደ። ጎረቤቱ በዚህ ተናዶ 6 እና 7 ኪሎዋት ሲገዛ የሰፈሩ ቮልቴጅ የባሰ ይወርዳል፣ ሌላውም ይገዛል። ይህ መጨረሻ የለውም፤ ዕቃ ሻጩ ብቻ ነው የሚጠቀመው።

ፎቁ ላይ ላለው መታጠቢያ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቅዎታል፤ የውሃ ግፊት። ባሕር ዳር ላይ ውሃ ሁሌ ስለማይመጣ ሮቶ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥዎ አይቀርም። ሮቶው ከሻወሩ ራስ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚያገኙት ግፊት 0.2 ባር ነው። ብዙዎቹ ፈጣን ማሞቂያዎች ውሃው በቂ ግፊት ኖሮት ሲፈስ ብቻ የሚነሳ መክፈቻ አላቸው፤ ግፊቱ ካነሰ አይነሱም፣ ወይም ይነሱና ውሃው ስለሚቀጥን እንፋሎት ይተፋሉ። ፓምፕ ይጨመርበት ይባላል። ያኔ ውሃ ለማሞቅ ፓምፕ፣ ፓምፕ ለማስነሳት መብራት፣ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም የለም።

ስለ ፍጆታው እንነጋገር፣ ምክንያቱም ክፍያው የሚጨምረው ሰው ከሚገምተው ቦታ አይደለም። አንድ ሰው 35 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይታጠባል እንበል፤ የቧንቧው ውሃ 20 ዲግሪ፣ ሻወሩ 40። ይህ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስድስት ሰው በየቀኑ ከታጠበ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 150 ገደማ። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር በወር 45 ያህል ነው። ቤት ውስጥ ሲጣሉ ሁሌም ጥፋቱ ምጣዱ ላይ ይላከካል፤ የምጣዱን ሦስት እጥፍ የሚበላውን ሻወር ግን ማንም አይቆጥረውም። የመኖሪያ ቤት ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል፣ ከመስከረም 2017 ወዲህም በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እያደገ ነው። ወደ ውዱ እርከን የሚገፋዎት ያ 150 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ፈጣን ሻወርም ሆነ ቦይለር ለዚህ ውሃ የሚፈልጉት ሙቀት አንድ ነው። ቦይለሩ በተጨማሪ ውሃውን አሙቆ ስለሚያስቀምጥ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ በግድግዳው ያፈስሳል። «ፈጣኑ ይቆጥባል» የሚባለው በዚህ ልክ እውነት ነው። ነገር ግን 80 ሊትር ቦይለር 1.5 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ 7 አምፔር አይሞላም። ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፣ ከዚያ ያ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለአራት ሰው ይበቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ተኝቶ ሳለ በሰዓት መቆጣጠሪያ ሥራውን ጀምሮ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል፣ ጠዋት ምጣዱ ሲጣድ እሱ ጠፍቷል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔ የምመለከተው ይህንን ነው፤ በአንድ ቅጽበት ምን ያህል ይስባል የሚለውን።

ሂት ፓምፕ ለውሃ ማሞቂያ እዚህ አየር ላይ በጣም ይሠራል፤ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ስለሆነ ከሲያትልም በተሻለ። ወንድምዎ በዚህ ልክ ናቸው። አልመክርዎትም ግን። መጭመቂያውና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ቮልቴጅ መውጣት መውረድን አይወዱም፣ ሲበላሽ መለዋወጫ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል፣ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ላይ በኤሌክትሪክ ከመሰብሰብ በፊት በነፃ የሚወርደውን መሰብሰብ ይቀድማል።

ፀሐይ። የእኔ ምክር እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፤ 150 ሊትር የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ ሁለት ካሬ ሜትር አካባቢ መሰብሰቢያ ያለው፣ በውስጡ 1.5 ኪሎዋት መጠባበቂያ ማሞቂያ የተገጠመለት። ባሕር ዳር ላይ በአማካይ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ፀሐይ ይወርድበታል፤ ግማሹን ቢይዝ እንኳ ስድስት ሰው ለሚታጠብበት ውሃ የሚፈልጉት 5 ኪሎዋት ሰዓት ተገኘ። 150 ሊትሩ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል፣ ተቀላቅሎ ለስድስቱም ይበቃል። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሐይቁ ላይ ሲተኛ፣ ግማሹን ብቻ ቢሰጥ መጠባበቂያው ሁለት ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ይሠራና ቀሪውን ይሞላል። በሽቦ ማሞቅ እዚህ ጋ ቦታውን አገኘ፤ ትንሽ፣ ቀስ ያለ፣ አልፎ አልፎ።

ይህ ግን የሚሠራው በደንብ ከተገጠመ ብቻ ነው። መሰብሰቢያው ወደ ደቡብ ይዙር፤ ኬክሮሳችን 11.6 ዲግሪ ስለሆነ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ማጋደል በቂ ነው። ከአውሮፓ ካታሎግ ላይ 45 ዲግሪ አድርጎ የሚያቆምልዎን ሰው አስቁሙት። የሮቶው ሥር ከፀሐይ ታንከሩ ጫፍ በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ውሃው አይወርድም፤ ይህን የሮቶ መቆሚያው ብረት ከመበየዱ በፊት ይንገሩት። ሙሉው ዕቃ ውሃውን ይዞ ከ200 ኪሎ አያንስም፣ ቆርቆሮ ላይ አይቀመጥም፤ ሶሌታ ላይ ወይም ከግድግዳው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ ብቻ። የብርጭቆ ቱቦ ያለውን ዓይነት ከገዙ፣ ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ባዶውን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ውሃ ሲመጣ ወዲያው አይክፈቱበት። የጋለው ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ማታ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ፈረቃ ባለበት ከተማ ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ እኔ ብሆን ባለ ጠፍጣፋ መስታወቱን እመርጣለሁ፣ ቢወደድም። ከታንከሩ ወደ ታች የሚወርደው የሙቅ ውሃ መስመር ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ያውም ለሙቅ ውሃ የተሠራው ይሁን፤ ተራ ፒቪሲ ይለሰልሳል።

ሦስቱን መታጠቢያ ቤቶች ከአንድ ታንከር ማገናኘት ይቻላል፣ ግን ምድር ቤት ያለው ርቆ ከሆነ ሙቁ ውሃ እስኪደርስ ብዙ ቀዝቃዛ ይፈሳል። እዚያ ላይ ትንሽ 30 ሊትር ቦይለር ብትለዩለት አልቃወምም። ፈጣን ሻወር የግድ ካሰኘዎ አንድ ብቻ፣ ምድር ቤት፣ ግፊቱ የተሻለበት ቦታ ላይ፤ ለብቻው ከማከፋፈያ ሳጥኑ ድረስ የተዘረጋ 6 ስኩዌር የመዳብ ሽቦ፣ 32 አምፔር ብሬከር፣ ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ ማጥፊያ ከመታጠቢያው ውጭ። የሻወሩ ራስ ውስጥ ሽቦው ባዶውን ውሃው ውስጥ የሚግለበትን ርካሹን ዓይነት ግን ቤትዎ አያስገቡት።

ቦይለር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ስላየሁ እነግርዎታለሁ። ከሥሩ ያለችው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ጠብ ጠብ ስትል «ተበላሸ» ተብላ የምትደፈነው ስንት ቤት ነው! 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይሰፋል፤ የመግቢያው መስመር ላይ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ ካለ የተረፈው የሚወጣበት በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። የደፈነ ሰው ቤቱ ውስጥ የታሸገ ድስት ጥዶ ሄደ ማለት ነው። ቴርሞስታቱንም «ለመቆጠብ» ብለው 40 ላይ አያስተኙት፤ ለብ ብሎ ለቀናት የሚቀመጥ ውሃ ሌጂዮኔላ ለሚባለው የሳንባ ባክቴሪያ ይመቻል። 60 ላይ ይተዉት፣ ሻወሩ ላይ ይቀላቅሉ። የፀሐዩንም ታንከር በመጠባበቂያው በየተወሰነ ቀን አንድ ጊዜ 60 ማድረስ ይገባል።

ወደ እናትዎ ክፍል ልምጣ። ባሕር ዳር ቤት ማሞቂያ በግድግዳ የሚያስቀብር ብርድ የላትም፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ቀኖች ግን አሉ፣ ለአረጋዊ ሰው ደግሞ ያ ቀላል አይደለም። አራት በአራት የሆነ ክፍል፣ ሁለቱ ግድግዳ በውጭ በኩል ያለ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሥሩ ቀጭን ኮርኒስ ያለው፣ የውጩን ሌሊት በ8 ዲግሪ ለመብለጥ አንድ ኪሎዋት ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ ውስጥ ሲሶ ያህሉ የሚጠፋው በኮርኒሱ በኩል ነው። ኮርኒሱ ላይ የሱፍ ወይም የፎም ንጣፍ ቢደረግ፣ የበሩ ሥርና የመስኮቱ ዙሪያ ቢዘጋ 650 ዋት ይበቃል። ፎቅ ሥር ባለ ክፍል ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ አይኖርም፤ እናትዎን ምድር ቤት ያስተኟቸው፣ ለደረጃውም ይሻላቸዋል። የዋሽንግተኑ ደንብም እስከ 2 ኪሎዋት ድረስ ያለውን ነፃ የሚለቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ትንሽ ሙቀት ለሚፈልግ ቤት ሂት ፓምፕ ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚቀር ነገር አይግጠሙ። 1 ወይም 1.5 ኪሎዋት ዘይት ያለበት ተሽከርካሪ ራዲያተር ገዝተው ለእነዚያ ሳምንታት ያውጡት፣ የተቀረውን ዓመት ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። ሶኬቱ ውስጥ በቀጥታ ይሰካ፣ ማራዘሚያ ላይ አይደለም።

ከሰል ግን በፍጹም። ቡና ተፈልቶ «ሙቀቱ እንዲቆይ» ተብሎ ምድጃው መኝታ ቤት ገብቶ በር ሲዘጋ፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛ ሰው አይነቃበትም። ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ቢተዉት ይህን ብቻ አይርሱ።

አሁን ልስን ሳይጀመር ሊሠራ የሚገባውን ልንገርዎ፣ ከልስን በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ስለሚሆን። የምጣዱ መስመር ለብቻው 4 ስኩዌር ይሁን። የፀሐዩ መጠባበቂያ ለብቻው 2.5። አሁን ባይፈልጉትም ምድር ቤት ላለው ሻወር ባዶ ቱቦ ቅበሩበት፤ ቱቦ ርካሽ ነው። ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚቆርጠው፣ ሠራተኞች አርሲዲ የሚሉት፣ 30 ሚሊ አምፔር የሆነው ይኑር፤ ሰው የሚያድነው እሱ ነው፣ ተራው ብሬከር ለሽቦው ብቻ ነው የሚያስበው።

ያም ቢሆን ጥሩ ግራውንድ ከሌለ ሥራው ግማሽ ነው። እኛ ጋ ግራውንድ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ብረት መሬት ላይ ተተክሎ አረንጓዴ ሽቦ የታሰረበት ነው፣ ማንም አይለካውም። የባሕር ዳር መሬት ደግሞ ያታልላል። ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ ረጥቦ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ በጋ ላይ ተሰንጥቆ ከብረቱ ይለያል፣ ያኔ ግራውንዱ በስም ብቻ ይቀራል። ሌላው ቦታ ሲቆፈር አንድ ሜትር ሳይሞላ ጥቁር ድንጋይ ይገኛል፤ ሠራተኛው ብረቱን ቆርጦ የቀረውን ቀብሮ ይሄዳል። ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ በርቀት ተተክለው በመዳብ ይያያዙ፣ በክዳን የሚከፈት ጉድጓድ ይሠራላቸው፣ ልኬቱም በሚያዝያ ይወሰድ፣ መሬቱ በደረቀበት ወር። ሐምሌ ላይ የተለካ ግራውንድ አይታመንም። ሠራተኛው ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ፈርሞ እስኪሰጥዎ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ አይልቀቁለት።